በቀትር ክፍል ያደረ ደብዳቤ

ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ፋርማሲስቷ ሠላሳ ፍሬ ኪኒን ስትቆጥር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ አንዴ ሃያ ዘጠኝ ይሆንባታል፣ አንዴ ሠላሳ አንድ። እጇ ይቆጥራል፤ ዓይኗ ግን በመስኮቱ አሻግሮ ረጅሙን ኮሪደር ይጠብቃል። የውጪው በር በተከፈተ ቁጥር ልቧ ብድግ ይላል፤ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን መልሶ ዘጭ። ከጠዋት ጀምሮ ብድግና ዘጭ ሲል የዋለ ልብ ምን ጉልበት ይኖረዋል?

የምትጠብቀው አናጢ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ የእናቱን የመድኃኒት ሣጥን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመስኮቷ ፊት ሳይቆም ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ አሥር ሰዓት ተቃረበ፤ አናጢውም የለ፣ ሣጥኑም የለ።

«ካልመጣ ይቅር!» አለች ለራሷ። ወዲያው በሩ ሲጮህ አንገቷን አሰገገች። ውሃ የያዘች የጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

በሽተኞቿ «ይንገሩኝ» ይሏታል። ማንም ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ እንዲሄድ አትፈቅድማ! «ስንት ፍሬ? መቼ? ቢረሱስ ምን ያደርጋሉ? እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ትላለች። ጆሮ የሰማውን ሁሉ ልብ ይዞታል ብላ አታምንም። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ሚስቴ እንኳ አምሽቼ ስገባ እንዲህ አድርጋ አልመረመረችኝም» ብለዋት አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ፣ እሷም አብራ ስቃ ስትጨርስ፣ «እሺ አባባ፣ አሁን መልሰው ይንገሩኝ» ብላቸዋለች።

የአናጢው እናት የልባቸው ምት የተዛባ ነው። ደማቸው እንዳይረጋ ማታ ማታ የሚውጡት መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ ቀልድ አያውቅም፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደግሞ ደም አልቆም ይላል። ስለዚህ በየጊዜው ደማቸው ይመረመርና መጠኑ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ አዲሱ መጠንም በቢጫዋ ደብተራቸው ላይ ይጻፋል። እናትየው ማንበብ አይችሉም። ፋርማሲስቷ ያኔ በመጀመሪያው ቀን፣ «የሰባት ቀን ክፍል ያለው ሣጥን ያዘጋጁላቸው፤ በየሳምንቱ እርስዎ ይሙሉት፣ ማክሰኞ ያምጡትና የቀረ ፍሬ ካለ አብረን እናያለን» አለችው። ሌላው ሰው ከሱቅ ፕላስቲክ ይገዛል። አናጢው ግን በሳምንቱ ከጽድ እንጨት የሠራውን ይዞ ከች አለ። ሰባት ዓምድ፣ ሦስት ረድፍ፣ ሃያ አንድ ተንሸራታች ክዳን። የጠዋቱ ላይ ግማሽ ፀሐይ፣ የቀትሩ ላይ ሙሉ ፀሐይ፣ የማታው ላይ ጨረቃ ተቀርጾበታል።

«እናትህ እኮ ቀትር ላይ የሚውጡት መድኃኒት የላቸውም» አለችው። ሣጥኑን ስታይ «እርስዎ» ማለቷ የት እንደገባ እንጃ።

«ሁለት ረድፍ ብቻ ከሆነ ሣጥኑ አያምርም» አላት።

በሦስተኛው ማክሰኞ በቀትሩ ክፍል ውስጥ ጥፍር የምታህል የታጠፈች ወረቀት አገኘች። «ይህን ክፍል ባዶ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ጤና ይስጥልኝ» ትላለች። እሷም በመልሷ፣ «ሣጥን ውስጥ መድኃኒት ያልሆነ ነገር አይቀመጥም። ጤና ይስጥልኝ» ብላ ጽፋ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው! ሰው ለሌላው የከለከለውን ለራሱ ሲፈቅድ እንዲህ ነው። በሳምንቱ መልሱ መጣ፤ «መድኃኒት አይደለም ያለሽ ማን ነው?»

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ትገምቱታላችሁ። ሁለቱም ሳምንት ማለት ማክሰኞ ብቻ ሆነባቸው።

ችግሩ አባቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ዳኛ። ነገሩ ጆሯቸው የደረሰ ዕለት ምሳቸውን ገፍተው፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው፣ ልጄን ወንበር ለሚጠርብ አልድርም» አሉ። «የተቀመጡበትን ወንበር ማን ጠረበው፣ አባባ?» የሚለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። በሽተኛን ሁሉ የሚያናግር አፏ አባቷ ፊት ሲደርስ ይቆለፋል። ዳኛው ያሰቡላት የቀድሞ ጓደኛቸውን ልጅ፣ ላይኛው ፎቅ የሚሠራውን ዶክተር ነው። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን ቆርጣ ተነሣች። ከሥራ በፊት ቁጭ ብላ ደብዳቤ ጻፈች። ቀትር ላይ የእናትየው የደም ውጤት ደረሰ፤ ደማቸው ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፣ መጠኑ መቀነስ አለበት። ቢጫዋ ደብተር ከላቦራቶሪ አልተመለሰችም ነበር። ስለዚህ በደብዳቤው አናት ላይ አዲሱን መጠን አሰፈረች፤ በአፏም ልትነግረው፣ መልሳም ልታስነግረው። ወረቀቷን አጥፋ ጠበቀችው።

አናጢው ሣጥኑን አምጥቶ ከመስኮቱ ፊት እንደቆመ፣ ዳኛው ከዶክተሩ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ፋርማሲው ገቡ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይህችን እጮኛህን ተቆጣልኝ! ምሳ የሚባል ነገር ትታለች» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። አናጢውም ዞረ። ዶክተሩ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። እሷ ደግሞ፣ ያቺ ሁሉን የምታናግር፣ ዝም አለች። «እጮኛው አይደለሁም» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ደብዳቤዋን በማክሰኞ የቀትር ክፍል ውስጥ ሸጉጣ፣ ክዳኑን በጣቷ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ፣ ሣጥኑን በመስኮቱ አሳለፈችለት። እሱም አንዴ ክዳኑን፣ አንዴ እሷን አየ። ራሱን ነቀነቀ። ሄደ። መልሶ የነገራት ነገር አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአባቷ ቤት በር አጠገብ ቆመች። ደብዳቤው ዓርብ ና ይላልና! አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር አይቷት አይቷት ሰለቻት። አናጢው አልመጣም።

ቢጫዋ ደብተር በማግሥቱ ረቡዕ ከላቦራቶሪ ተመልሳ ነበር፤ አዲሱ መጠን ተጽፎባት መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ስልክ ልትደውል ሦስት ጊዜ ቁጥሩን አውጥታ ሦስት ጊዜ መለሰችው። «እናትህ መድኃኒቱን ቀነሱ ወይ?» ብላ ብትጠይቀው እሱ የሚሰማው «ለምን ቀረህብኝ?» የሚለውን ይሆናል ብላ ፈራች። ለምና የምትወደድ አይደለችማ! አንብቦታል፤ አንብቦ ነው የቀረው፤ መድኃኒቱንም በዚያው ቀንሷል። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። የፍቅረኛን ዝምታና የበሽተኛን ዝምታ አንድ ላይ ቋጠረቻቸው፤ ቋጠሮው ግን ሌት ተቀን ደረቷ ላይ ይነቀንቃት ነበር።

አሁን አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የፋርማሲው ስልክ ጮኸ። ዶክተሩ ነው።

«ቶሎ ወደ ላይ ነይ። የአናጢው እናት እዚህ ናቸው። አፍንጫቸው ከጠዋት ጀምሮ ደም አላቆመም። የወሰዱት መጠን ከውጤታቸው ጋር አልገጥም ብሎኛል።»

ኪኒኑ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ደብተሯን ከመሳቢያ መዛ ደረጃውን በሩጫ ወጣችው፤ ልቧ ግን ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

*

እናትየው በመስኮት በኩል ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው በፋሻ ታጭቋል፤ ፋሻው ቀይ ነው። ክንዳቸው ላይ እዚህም እዚያም ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ምልክት ወጥቷል። አናጢው ከራስጌያቸው ቆሟል። ሱሪው ላይ ሰጋቱራ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ በእቅፉ ሣጥኑ። ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘህ ና ተብሎ ነው። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ።

«መዝገቡ ማታ ማታ አንድ ተኩል ይላል» አለ ዶክተሩ። «ልጃቸውም አንድ ተኩል ነው የሰጠኋት ይላል። ያለፈው ማክሰኞ ውጤት ግን ከፍ ያለ ነበር። መጠኑን የቀነሰ ሰው የለም?»

«እኔ ቀንሻለሁ» አለች እያለከለከች።

«ታዲያ ለምን አልተነገራቸውም?»

ወደ አናጢው ዞረች። «ነግሬሃለሁ እኮ!»

«እርስዎ የነገሩኝ ነገር የለም» አላት።

እርስዎ! ከሰባት ወር በኋላ እርስዎ! በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር።

«ወረቀቱ ላይ... የሰጠሁህ ወረቀት ላይ ነበር።»

አናጢው ሣጥኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። የማክሰኞን የቀትር ክዳን በአውራ ጣቱ ገፋው። ወረቀቷ እሷ እንዳጠፈቻት፣ እሷ እንዳስቀመጠቻት ተኝታለች። አንድ እጥፋቷ እንኳ አልላላም።

«አልከፈትኩትም» አለ። «ስንብት ነው ብዬ። እጮኛዋ አጠገቧ ቆሞ የሚሰጥ ደብዳቤ ሌላ ምን ይሆናል? በየማታው የጨረቃዋን ክፍል እከፍታለሁ፤ የቀትሯን እዘላለሁ። ነገ አነበዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ እላለሁ። ሳላነበው ባሳደርኩት መጠን አንድ ቀን ጨምረሽ የእኔ የሆንሽ ይመስለኝ ነበር።»

አላነበበውም! ዓርብ ሳይጠላት ነው የቀረው! ደስታ እንደ ሙቅ ውሃ ከራሷ እስከ እግሯ ወረደባት። በዚያው ቅጽበት ዓይኗ ቀዩ ፋሻ ላይ አረፈና ደስ በመሰኘቷ አፈረች፤ የምትገባበት አጣች። ሰው አንድ ልብ ብቻ ይዞ እንዴት ሁለቱን ይሸከማል?

«ዶክተር» አለ አናጢው፣ ድምፁን አጠንክሮ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የተሰጠኝን ወረቀት ያላነበብኩ እኔ ነኝ። ፋርማሲስቷ ያጠፉት ነገር የለም። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ።»

ዝም ብትል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ሥራዋም ይተርፋል፣ ስሟም ይተርፋል፤ አባቷም አይሰሙም። አንዴ ዝም ብላ ያመጣችው ጣጣ ግን ከፊቷ፣ አልጋው ላይ ነው።

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም!» አለች። «መጠን ደብተር ላይ ይጻፋል፣ በአፍ ይነገራል፣ መልሶ ይነገራል። እኔ ሦስቱንም አላደረግሁም። ጭራሽ የፍቅር ደብዳቤ ውስጥ ነው የጻፍኩት። አባቴ መጡና አፌ ተሳሰረ። ከዚያም ሳምንት ሙሉ መደወል ስችል ኮራሁ።»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ «ምን እንዳዘዝሽና መቼ እንዳዘዝሽ በትክክል ማወቅ አለብኝ። ወረቀቱን ስጡኝ።»

«እኔው አነበዋለሁ።»

ወረቀቷን ዘረጋች። ከዚያ በዚያ የፋርማሲ መስኮት ላይ በሚታወቀው ድምፅ ጀመረች።

«ማክሰኞ። የደም ውጤቱ ከፍ ብሏል። ዛሬና ነገ ማታ ደም ማቅጠኛውን ምንም እንዳይውጡ። ከሐሙስ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ፍሬ ብቻ፤ ግማሿ ትቅር። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ ሳትውል ሳታድር ይዘሃቸው ና።»

እዚህ ላይ ቆመች። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዶክተሩ ይጽፋል። ቀሪውን አጥፋ ኪሷ ብትከት ማንም አይጠይቃትም ነበር። ቀጠለች።

«ከዚህ በታች ያለው ለአንተ ነው። መፍራት ሰልችቶኛል። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት በራችን ላይ እጠብቅሃለሁ። አብረን ገብተን ለአባቴ አብረን እንነግራቸዋለን። እወድሃለሁ። ከመጣህ ያንተ ነኝ። ከቀረህ ግን መልስህን አወቅሁት፤ ዳግመኛ አልጠይቅህም።»

የዶክተሩ እስክሪብቶ ቆሞ ነበር። እንደገና ሲንቀሳቀስ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«ሰባት ማታ በድሮው መጠን» አለ ወረቀቱን እያየ፤ ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆኗል። «ይህ ራሱ ከባድ ነው። ግን ቀድሞውንስ ውጤቱን ምን ሰቀለው? እማማ፣ ሌላ የሚውጡት ነገር አለ?»

እናትየው ጣሪያውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። የሚታይ ነገር ሲያልቅባቸው የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። ከቋጠሮው ውስጥ አምስት ነጫጭ ኪኒኖች መዳፋቸው ላይ ወደቁ።

«ለጉልበቴ ነው። ጎረቤቴ ሰጠችኝ። እሷን አሽሏታል።»

«እማማ!» ፋርማሲስቷ ኪኒኑን አንሥታ አገላብጣ አየችው፤ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ከደም ማቅጠኛ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ዓይነት። «ለደም ምርመራ በመጡ ቁጥር ሌላ የሚውጡት አለ ወይ እያልኩ ስጠይቅዎት!»

«ጠይቀሽኛል። እኔም ዋሽቼሻለሁ። ትከለክይኛለሽ ብዬ» አሉ እንደ ልጅ። ከዚያ ልማዱ ይዟቸው ሳይጠየቁ ቀጠሉ፤ «ሦስት ሳምንት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከምግብ በኋላ።»

ዶክተሩ ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው መርፌ አዘዘ፤ ነርሷ መጥታ ወጋቻቸው፣ የተነከረውን ፋሻ አውጥታ በአዲስ ቀየረችው። ሁሉም፣ እናትየውም ጭምር፣ ያን ነጭ ፋሻ ይጠብቁ ጀመር። ደቂቃዋ አልገፋ አለች። ፋርማሲስቷ ቢጫዋን ደብተር እንደ ክታብ ደረቷ ላይ ለጥፋ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ፋሻው ነጭ ነው። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አሁንም ነጭ።

ዶክተሩ መዝገቡን ዘጋ። «ደሙ ቆሟል፤ ግን ጥቂት ቀን እዚሁ ይቆያሉ። የሆነው ሁሉ ሪፖርት ይደረጋል።»

«እኔው እጽፈዋለሁ» አለች። «ዛሬውኑ።»

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ያን ዕለት አባትሽ እጮኛህ ሲሉኝ እኔም ዝም ብያለሁ። እኔስ ደስ ብሎኝ ነው። አንቺን ቀና ብዬ ባይሽ ኖሮ ግን ይገባኝ ነበር።» የሚመልሱለትን ሳይጠብቅ ወጣ፤ እሷም ይህን ሰው ሳታስከፋው ማለፍ ባለመቻሏ አዘነች።

*

ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ሣጥኑ ላይ አርፋለች። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርዳል፣ ይሰካል፣ ያወርዳል። ማንም አልተነፈሰም።

«ጎሽ!» አሉ እናትየው በመጨረሻ፤ ድምፃቸው በፋሻው ምክንያት ጎርነን ብሏል። «አሁንም ዝም በሉ! ሦስታችንም አፋችንን ዘጋን። እኔ ለጉልበቴ ብዬ፣ አንቺ ለአባትሽ ብለሽ፣ ይኼ ደግሞ ለኩራቱ ብሎ። የፈሰሰው ደም ግን የእኔ ብቻ ነው!»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለች አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጠች።

«ይቅርታውን ኋላ እናወራዋለን።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ! ያነበበችልህን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

«መስማትማ ሁሉም ይሰማል። መልሰህ ንገራት።»

አናጢው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። «ሁለት ማታ ምንም አይዋጥም። ከዚያ ማታ ማታ አንድ ፍሬ፤ ግማሿ ትቀራለች። ደም ከታየ ሳላውል ሳላሳድር ይዣት እመጣለሁ።»

«እሱ አሁን ቀርቷል» አለች ከልማዷ ጋር እየታገለች። «ዶክተሩ አዲስ መጠን እስኪያዝ ምንም የለም። አዲሱን ደግሞ ደብተሩ ላይ ጽፌ፣ በአፌ እነግርሃለሁ።»

«እሺ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት። በራችሁ ላይ። አብረን ገብተን ለአባትሽ እንነግራቸዋለን።»

«ዓርብ አለፈ» አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ያመቀችው እንባ አሁን ፈነዳ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሜልህ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር፣ ሰው ባለፈ ቁጥር...»

እናትየው በበለዘ ክንዳቸው ሣጥኑን ጠቆሙ። ከሰኞ እስከ እሑድ የተደረደሩትን ክዳኖች በጣታቸው ሄዱባቸውና አንዱ ላይ ቆሙ። «ማንበብ ባልችልም ይቺን አውቃታለሁ። ዓርብ ይቺ አይደለችም? በየሳምንቱ አንድ አለች። ልጄ ሲሠራው አንድም አላጎደለ።»

አናጢው ደብዳቤውን ከእጇ ላይ ወሰደ፤ ሲወስደው ጣቶቹ ጣቶቿ ላይ ከሚገባው በላይ ቆዩ። እንደነበረው አጥፎ በዓርብ የቀትር ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ክዳኑን ግን አልገፋውም፤ ክፍት ተወው።

እሷም የምታስበው ብዙ ነበር። ሪፖርቱ ገና አልተጻፈም። አባቷ ገና አልሰሙም፤ ሲሰሙ የሚሉትን ታውቀዋለች፣ የሚዘጉትን በር ድምፅ ሳይቀር ታውቀዋለች። ሦስት ቀን፣ ሦስት ረጅም ቀን ከፊቷ ተደርድሯል፤ እግሯ ካሁኑ መሄድ ጀምሯል።

«አንድ መስመር ዘለልክ» አለችው፣ ፊቷን በመዳፏ እየጠረገች።

«የትኛውን?»

«ታውቀዋለህ። መልሰህ ንገረኝ።»

አናጢው እናቱን አየ። እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው መተንፈስ ጀምረዋል፤ ጆሯቸው ግን ቆሟል። እሱም ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እወድሻለሁ» አላት። «ዓርብ እመጣለሁ። ከመጣሁም የእኔ ነሽ።»

የእኔ ነሽ አላት! ፋርማሲስቷ ሰማችው፤ በደንብ ሰማችው። ነገር ግን ጆሮ የሰማውን ሁሉ ልብ ይዞታል ብላ አታምንም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዕረፍት ያጣ ልቧም ገና አላመነም።

«እንደገና ንገረኝ» አለችው።